ስለዚያች የ40 ደቂቃ ትምህርትሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፎቶግራፍ ሥልጠናሽን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። በቅርቡ ካሜራ ይዘው ለማያውቁ አሥር ሰዎች የ40 ደቂቃ ትምህርት ሰጠሽ፤ ግማሾቹ ግራ እንደተጋቡ ወጡ። «ማስተማር የእኔ ሙያ አይደለም ማለት ነው?» ብለሻል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ሰዎቹ የከበዳቸው ያሸከምሻቸው ብዛት ነው።

አፐርቸርን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ)፣ የሹተር ፍጥነትን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን የጊዜ ርዝመት) እና አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ባንድ ጊዜ ልታስረጂ ሞክረሻል። ሦስቱ የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ ማስተማር ጎደሎ እንደሚመስል ይገባኛል። ጀማሪ ግን ገና አፐርቸር ላይ ነው የሚደናገረው። የአፐርቸሩ ቁጥር ኤፍ 2 ሲሆን ከኤፍ 16 የበለጠ ብርሃን ያስገባል ስትዪው «ቁጥሩ አንሶ ሳለ እንዴት?» ይላል። ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱን የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት በማካፈል ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ኤፍ 2 ሲሆን ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 16 ሲሆን ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ቀዳዳው ሲሰፋና ሲጠብ በዓይኑ ካላየው በቃል ብቻ አይገባውም። አንቺ በሁለት ደቂቃ አልፈሽዋል።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት የጣልሻት ነገር ግን ልቤን ነካችው። አንዲት እናት ያነሷቸው ፎቶዎች ሁሉ ሲደበዝዙባቸው ካሜራውን አልተቀበልሻቸውም። አጠገባቸው ተንበርክከሽ፣ እጅሽን እያወዛወዝሽ፣ አንዴ በ1/30 ሰከንድ አንዴ በ1/500 ሰከንድ እንዲያነሱሽ አደረግሽ። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ቆጠሩ። እህቴ፣ ማስተማር ይህ ነው! ሥራቸው እጅግ የሚያምር ባለሙያዎች እንኳ ካሜራውን ነጥቀው፣ አስተካክለው ይመልሳሉ፤ ተማሪው ጥሩ ፎቶ ይዞ፣ ምንም ሳያውቅ ይሄዳል።

ስለዚህ አሁን አትወስኚ። ትምህርቱን ለሌሎች ሰዎች ድገሚው፤ የሹተር ፍጥነትን ብቻ ይዘሽ ግቢ። አምስት ደቂቃ ተናገሪ፣ የቀረው ጊዜ የእነሱ እጅ ይሁን። ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው የሚንቀሳቀስ ነገር አንዴ አስቁመው፣ አንዴ አደብዝዘው አንስተው ያሳዩሽ። ራስ መነቅነቅን እንደ መረዳት አትቁጠሪው፤ እኔም በዚህ ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ዝም ያሉበትን ቦታና ደጋግመው የጠየቁሽን ጻፊ። ማስታወሻው ለሥራ ቃለ መጠይቅም ይሆንሻል። «ያልተሳካልሽን ሥራ ንገሪን» ሲሉሽ የመጀመሪያውን ትምህርት፣ ከዚያ ምን እንደቀየርሽ፣ ሰዎቹ ምን ማንሳት እንደቻሉ ትነግሪያቸዋለሽ። አሠሪ ከምስክር ወረቀት ላይ የማያገኘው ይህን ነው።

ፎቶ አንሺነትና አስተማሪነት ደግሞ አንዱን ካልተውሽ የሚባሉ አይደሉም። ፎቶ እያነሱ በትርፍ ጊዜያቸው አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ክፍያ ስትነጋገሪ ግን የዝግጅቱንም ሰዓት ቁጠሪ፤ የ40 ደቂቃ ትምህርት የ40 ደቂቃ ሥራ እንዳልሆነ አይተሻል።

ሁለተኛውን ትምህርት ስትጨርሺ ጻፊልኝ። በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የጠየቁሽን ጥያቄ እንዳትረሺ፣ ሦስተኛውን ከዚያ ተነስተን አብረን እናዘጋጃለን።