ሃይማኖት የሌለው ወላጅስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሃይማኖት የለኝም። የልጆቼ ትምህርት ቤት ስለ ግብረ ገብ ሊመክር ቄሱንና ሼሁን ጠራ። እኔም ልገኝ ብል «አንተን ምን አገባህ?» ተባልሁ። ልጆቼ እኮ እዚያው ናቸው የሚማሩት! መብት የለኝም?

መልስ፦ አለዎት እንጂ! እኔ የኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሬ ያደግሁ አማኝ ነኝ፤ የተባሉት ነገር ግን አሳዝኖኛል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በእንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ አንድ ሃይማኖት የለሽ ሰው ስለ ሃይማኖት ትምህርት ከሚመክረው ጉባኤ አባልነት ተከልክሎ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሕገ ወጥ ብሎታል። ያ የእነርሱ ሕግ ነው፤ እርስዎ ግን በወላጅነትዎ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለልዎት። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቁ።