መስኮቱን አትዝጉት

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስ ይሁን ቢቸና፣ ከእናንተ ዕድሜ ልጆች ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ አቤቱታ ይደጋገማል። «ጋሼ፣ ሰው አላሠራ አለኝ» ይላል አንዱ። «እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ፣ ሥራዬንም አከብራለሁ። ታዲያ ምን አድርጌ ነው የሚጠምዱኝ?» ትላለች ሌላዋ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በምሥራቅ ጎጃም መሥሪያ ቤቶች፣ በሂሳብና በኦዲት ነው። ይህ ሙያ የሰውን ክፋትም ደግነትም በወረቀት ያሳያል።

ስለ ቅናት ሲነሳ ሁላችንም ወደ ዮሴፍ እንሮጣለን። ደግ ነው። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ ጠሉት፣ በ20 ብር ሸጡት። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። እኔ ግን በሙያዬ የተነሳ ነው መሰል ዳንኤል ይቀርበኛል። ምዕራፍ 6ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዳርዮስ 120 መሳፍንት ሾመ። በእነሱ ላይ 3 አለቆች አስቀመጠ፤ አንዱ ዳንኤል ነው። የአለቆቹ ሥራ ምን ነበር? መሳፍንቱ ሂሳብ እንዲያቀርቡላቸውና ንጉሡ እንዳይጎዳ ነው። ሰባኪዎቻችን ይህችን ቁጥር ቶሎ አልፈዋት ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ ይወርዳሉ። ነገሩ የተጠነሰሰው ግን እዚህ ይመስለኛል። 120 ሹም ሂሳብ በሚያስረክብበት ወንበር ላይ እጁ የማይዘረጋ ሰው ተቀምጧል። ንጉሡም በመንግሥቱ ሁሉ ላይ ሊሾመው አስቧል። ከዚህ ወዲያ ማን ይተኛል?

ባላንጣዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ፈተሹ። አገላበጡ፣ ጠየቁ። ጥፋትም በደልም አጡበት። በአምላኩ ሕግ ካልሆነ በቀር ሰበብ እንደማያገኙበት የተስማሙት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። መዝገቡ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ ጸሎቱ ድረስ መምጣት አያስፈልጋቸውም ነበር። በሥራው በተያዘ ነበር። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ተገላቢጦሹን ብዙ ስላየሁ ነው። ባለጉዳይ በረንዳ ላይ እያስጠበቀ በዘጠኝ ሰዓት ከቢሮ ውልቅ የሚል፣ የሰጡትን ፋይል የሚያንጠለጥል፣ ሲጠየቅ ደግሞ «መንፈሳዊ ስለሆንኩ ጠሉኝ» የሚል ልጅ አለ። ልጄ፣ አልጠሉህም። ሥራህን ሥራ ነው ያሉህ።

አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟንም ወረዳዋንም አልጠራም። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ለቢሮው የተገዛ የጽሕፈትና የጽዳት ዕቃ መጣ። ዕቃው ጎደሎ ነው። «የቀረው ነገ ይመጣል፤ አንቺ ብቻ ሞዴል 19 ሙሉውን ቁረጪ» አሏት። ሞዴል 19 የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው። «ሲመጣ እቆርጣለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ማንንም ሌባ አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ። ቡና ሲፈላ አትጠራም። «ጻድቋ» የሚል ስም ወጣላት። ቆየት ብሎ ፊርማ የሌለው ጥቆማ ተጻፈባት፤ ዕቃ ታወጣለች ተብሎ። እኔ ወደዚያ የተላክሁት ለዚህ ነው።

ቆጠራው ሁለት ቀን ፈጀ። በየመደርደሪያው ቢን ካርዱ ተሰቅሏል። ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። የሳሙናውን ካርቶን ከፍተን አንድ በአንድ ቆጠርን። ከካርዱ ጋር ገጠመ። ወረቀቱን በደስጣ ቆጠርን። ገጠመ። የዕቃ ወጪ ደረሰኞቹ፣ ሞዴል 22ዎቹ፣ በተራ ቁጥራቸው ተደርድረዋል። የተበላሸው እንኳ «ተሰርዟል» ተብሎበት ከነቅጂዎቹ በቦታው አለ። ይህ ለክስ ሲባል በአንድ ሌሊት የሚሠራ አይደለም። ቀለሙ ይለያያል፤ አንዱ መስመር በሰማያዊ፣ አንዱ በጥቁር እስክሪብቶ። በየቀኑ ማታ ማታ እየመዘገበች ነበር የምትወጣው። ሪፖርቴ ላይ የጎደለ ነገር እንደሌለ ጻፍኩ። በዚያ ግርግር መሐል ከሁላችንም የረጋችው እሷ ነበረች። ማታ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆም ብላ ተሳልማ ወደ ቤቷ ሄደች። ዘበኛው «ሁልጊዜም እንዲህ ናት» አለኝ።

መጨረሻው እንደ ተረት አላማረም። ንጹሕ ሆና ከተገኘች በኋላ ራቅ ወዳለ ወረዳ አዛወሯት። እድገቷም ዘገየ። ይህን የምነግራችሁ እንዳትታለሉ ብዬ ነው። እሷ ግን በሄደችበትም ቢን ካርዷን ማታ ማታ ስትሞላ ነው ያገኘኋት።

ወደ ዳንኤል ልመልሳችሁ። አዋጁ እንደ ታተመ ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። የእልፍኙ መስኮቶች ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈቱ ነበሩ። በቀን 3 ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ይህ «ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው» የሚለው ነው። እንዲያዩት ብሎ አዲስ መስኮት አልከፈተም። እንዳያዩት ብሎም የተከፈተውን አልዘጋም። እናንተ ስትጠመዱ ከሁለት አንዱን ታደርጋላችሁ። አንዳንዱ ይደበቃል። ማተቡን በሸሚዙ ይሸፍናል፣ በጾም ቀን ክትፎ ቤት አብሮ ይቀመጣል፣ «አክራሪ እንዳይሉኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ እልህ ይገባዋል። ጸሎቱ ሁሉ በምቀኛው ላይ ይሆናል፤ ጥቅስ እየመረጠ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በሁለቱም መንገድ የጸሎቱን ሰዓትና ቃል የሚወስንለት ባላንጣው ሆኗል። ምቀኛችሁ ከእናንተ ሊወስድ የሚችለው ትልቁ ነገር ወንበራችሁ እንዳይመስላችሁ። እሱን ማንም ይወስደዋል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልግባ። እኛ አገር ምቀኛ በዛብኝ ያለ ሰው ሁለት በር ያንኳኳል። ጠዋት ጸበል ይጠመቃል። ከሰዓት «አንድ የሚያውቅ ሰው አለ» ብለው ይወስዱታል። «ተሠርቶብሃል» ይሉታል። ገብስማ ዶሮ ያስገዙታል። ክታብ ያንጠለጥሉለታል። የጎረቤቱንም ስም ሹክ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች፣ ማስተርስ ያላቸው፣ ይህን ሲያደርጉ አውቃለሁ። እናት «ምን አለበት፣ ሞክረው» ስትል እምቢ ማለት ከባድ ነው። እምቢ በሉ። በደግ ቃል፣ እጇን ስማችሁ፣ እምቢ በሉ። ሳኦልና ዳዊትን አስታውሱ። ሴቶቹ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ብለው ከዘፈኑ ወዲህ ሳኦል በዳዊት ላይ ዓይኑ ቀላ። ጦር ወረወረበት፣ በየዋሻው አሳደደው። በመጨረሻ ዓይንዶር ወዳለችው መናፍስት ጠሪ ዘንድ ልብሱን ለውጦ በሌሊት የሄደው ማን ነው? ቀናተኛው ሳኦል ነው። የተሳደደው ዳዊት እንዲህ ዓይነት ደጅ አልረገጠም። እናንተ ተቀናብን እያላችሁ ወደ ሳኦል መንገድ ለምን ትገባላችሁ?

ጠንቋዩ የሚያደርስባችሁ ሌላም ጉዳት አለ። አንዴ የጎረቤታችሁን ስም ከነገራችሁ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ጠላታችሁ ነው። ምናልባት ምንም አላደረገም ይሆናል። ልጁ ልጃችሁን ሊያገባ ይችል ነበር። እኛ ጋ ቂም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። በአንድ ክፉ ቃል የተጀመረ ነገር ደም ያፋሰሰበትን ቀበሌ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳዊት ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦልን እጁ ላይ አግኝቶት ነበር። ሰዎቹም «እግዚአብሔር ሰጠህ» አሉት። የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ለእሱም ቢሆን ልቡ መታው። ጎጃም ውስጥ ወንድነት ብዙ ጊዜ የሚለካው በመመለስ ነው። እኔ ግን ያን ዋሻ ሳስብ፣ ከዚያ የወጣው ሰው ከማንም በላይ ጎበዝ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ተቃውሞ ሁሉ ቅናት አይደለም። ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ጠይቁ። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ጓደኞቹ ከበው ይሰማሉ። የቅኔው ቤት፣ ማለትም ስንኙ፣ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ መምህሩ እዚያው ሁሉ ፊት ያፈርሱበታል። ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ በብርድ ያደረ ልጅ ነው። «መምህሩ ቀኑብኝ» ቢል ያችን ሌሊት አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ቅኔም አይዘልቀውም። የሚበረታው በማግስቱ ዛፉ ሥር ይመለሳል። አለቃችሁ ሪፖርታችሁን ቢመልስባችሁ መጀመሪያ ሪፖርቱን እዩት። ሽማግሌዎቻችን «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚሉት ወድደው አይደለም። ጉድለታችንን አጥርቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ የማይወደን ሰው ነው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል፤ ባልናገረው ደስ ባለኝ። ታማኝ የሆነ ሁሉ በዚህ ምድር አይድንም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ስናነግሥ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት መውጣታቸውን እናከብራለን፣ እልል እንላለን። እሳቱ ፊት ቆመው ለናቡከደነፆር የመለሱትን ግን ልብ በሉ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። ያ «ባያድነንም» የሚለው ቃል ከእምነታቸው አልተነጠለም። ከእኛው አገር ከደብረ ኤልያስ የተገኙት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አጽማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የአንበሶቹ አፍ ለእሳቸው አልተዘጋም። ዳንኤልን ያዳነው አምላክ እሳቸውን ረሳ የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም። እግዚአብሔርን የያዝኩት እድገት እንዲሰጠኝ፣ ባላንጣዬን እንዲያዋርድልኝ ከሆነ ግን የያዝኩት እድገቱን ነው። ስታጡት የሚታወቃችሁ ይህ ነው፤ ልባችሁን አሁኑኑ መርምሩት።

ልባችሁን ስትመረምሩ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኙ ይሆናል። አሳፍ በመዝሙሩ የክፉዎችን ሰላም አይቶ እንደ ቀናና እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው በግልጽ ተናግሯል። የእግዚአብሔር ሰው ነው ይህን ያለው። እናንተም የጓደኛችሁ የውጭ ጉዞ፣ አዲሱ ቤቱ፣ የልጅቷ ሠርግ ሲያቃጥላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሲቆይ ይሻግታል።

ታማኝነት ማለት ዝም ብሎ መረገጥ የሚመስለውም አለ። ጳውሎስ በሐሰት በተከሰሰ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። መብት መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠባቂ አቁሟል። ጠላቶቹ ሰንባላጥና ጌሳም 4 ጊዜ «ና እንገናኝ» ብለው ቢልኩበት ትልቅ ሥራ ይዣለሁ፣ መውረድ አልችልም አላቸው። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ። መከላከል ለሚገባው ተከላከለ፣ ወሬ ለሚፈልገው ጊዜ አልሰጠም። በቴሌግራም ግሩፕ ለስድብ መልስ ስትሰጡ የምታመሹ ልጆች ይህችን ያዟት።

ሥራ ቦታ ሰው ከሰሰኝ ብለህ ከሞጣ የጻፍክልኝ ልጄ፣ አንተንም አልረሳሁህም። አቤቱታህን በሁለት ቅጂ ጻፍ። ስድብ አታስገባበት፤ ቀን፣ ቁጥርና የሆነውን ብቻ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርገህ አንዱ ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመታ። ቅሬታ ሰሚው በጊዜው ካልመለሰልህ ይግባኝ በል። ለአባትህም ለንስሐ አባትህም ንገራቸው፤ ብቻህን አትሸከመው። እሑድ እንደ ወትሮህ አስቀድስ። ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮህ ተገኝ። የከሰሰህ ሰው ቀድሞህ ገብቶ ከሆነ «እንደምን አደርክ» በለውና ሥራህን ጀምር።