አንድ አምፖል ካበራ «ኤሌክትሪክ አገኘ» ይባላል?

ጥያቄ፦ 7ኛው የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሪክ ለሁሉም እንዲዳረስ ያልማል። ጣሪያው ላይ ትንሽ የፀሐይ ፓነል የሰቀለ ቤተሰብም ይቆጠራል?

መልስ፦ ሊቆጠር ይችላል፤ ክርክሩም እዚሁ ላይ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጡት 8ቱ የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ለኃይል የተለየ ቦታ አልሰጡትም ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከጸደቁት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ግን አንዱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆነ። ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። የዓለም ባንክ አገልግሎቱን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፍላል። ደረጃ 1 በቀን ቢያንስ 12 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 3 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ከበራ አለቀ። ደረጃ 3 ላይ 1,000 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሕዝብ ኤሌክትሪክ አገኘ» ሲባል በየትኛው ደረጃ ብለው ይጠይቁ።

ደግሞ ፓነሉ ደህና ሆኖ ሳለ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ በየምሽቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ክፉኛ ያጥራል። ቤቱ ጨልሞም መዝገቡ ላይ «አግኝቷል» ሊል ይችላል።

ግቡ ንጹሕ ማብሰያንም ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል እንጂ። 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት ብቻ ወደ 100 ዋት-ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ ያ ትንሽ ፓነል የማገዶውን ጭስ ከቤት አያስወጣም።