«ስንት ትጠብቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተይው

ጥያቄ፦ «ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ስኖር ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ደሴ ያለውን ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የግል ትምህርት ቤቱንም የቲቶሪያሉንም ስከፍል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ በተፈጥሮ ሳይንስ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰደ። እንደወጣ ስንት ትጠብቃለህ ስለው ከ600 ከ450 አላንስም አለኝ። በሳምንቱ 380 አለ። አሁን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም መልስ እየተያዩ 'ፈተናው ስለከበደ ከርቭ ይደረጋል፣ ማለፊያው ዝቅ ይላል' ይባባላሉ። ቢጨንቀኝ 'ካላለፍክ እኔ እዚህ የተቃጠልኩት በከንቱ ነው' ብዬ በድምፅ ላኩለት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። እማዬ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ስልኩ ላይ ያነጋል ትላለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከቁጥሩ ልጀምር። 450ም 380ም ሲልሽ የዋሸሽ አይመስለኝም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚሰጠው። ልጁ ስልክ ሳይዝ ገብቶ፣ ዶርም እያደረ ተፈትኖ ይወጣል። ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ማን እንደሠራው የማይታወቅ «ትክክለኛ መልስ» ይጠብቀዋል። ከዚያ የትኛውን ምርጫ እንደመረጠ በትዝታ እያስታወሰ ማረም ይጀምራል። ትዝታ ደግሞ አያዳላም አይባልም። በቀላሉ ሠርቶት ያለፈውን ጥያቄ ይረሳዋል፤ በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል ሲዋልል ሰዓት ያለቀበት ጥያቄ ግን ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይቀሰቅሰዋል።

ሂሳቡን እንይው። ከመቶ ጥያቄ 40ውን እርግጠኛ ሆኖ ሠርቶ የቀረውን 60 በግምት የሞላ ልጅ፣ አራት ምርጫ ስላለው በአማካይ 15 ያህሉን በዕድል ያገኛል። እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ሲቆጥር 40 ነው፣ ወድቋል። ግምቱን ሲጨምር 55 ነው፣ አልፏል። ጓደኞቹ «እኔም እሱን ነው የመረጥኩት» ሲሉት ደግሞ 70 ይደርሳል። ያው አንድ ፈተና ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ቁጥር ስለ ውጤቱ ብዙ አይነግርሽም፤ በዚያች ሰዓት ስሜቱ እንዴት እንደነበር ግን ይነግርሻል።

የከርቩ ነገር ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ እውነት ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ከበደ ተብሎ ዝቅ ሲል አላየንም። በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ሲያልፉ መስፈርቱ ያው ነበር። ነገር ግን 50 ላልሞላላቸው የተዘጋጀ ሪሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ አለ፤ የእሱ መግቢያ ነጥብ የሚወሰነው ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። ልጆቹ ተስፋቸውን የሚያንጠለጥሉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «ሞኝ ነህ፣ በወሬ ትኖራለህ» እንዳትይው።

አሁን ወደ ሁለታችሁ። ጥርጣሬ ያስጨነቀው ሰው የሚያረጋጋው ሰው ይፈልጋል። መልስ ሲያገኝ ለአንድ ሰዓት ይተነፍሳል፣ ከዚያ ጭንቀቱ ይመለስና እንደገና ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥር ደግሞ ሳይጠይቅ መቆየት እየከበደው ይሄዳል። ወንድምሽ ሌሊት ቴሌግራሙ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንቺም ከጅዳ ሆነሽ በእሱ ላይ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። 450 ያለሽ አንቺን ለማረጋጋት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ቃል የገባልሽ ያህል ሆነበት። 380 ሲል ድምፅሽ ተለወጠ፤ ልጆች ይህን ይሰማሉ፣ በስልክም ቢሆን።

የድምፅ መልእክትሽን በተመለከተ አላለባብስልሽም፤ ከባድ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጅ ፊዚክስ ስለከበደው ብቻ ሳይሆን የእህቱን ሰባት ዓመት በልቶ ስለመቅረት እያሰበ ነው የሚያድረው። ስልክሽን አለማንሳቱን ንቀት አድርገሽ አትውሰጂው። የአበዳሪውን ስልክ የሚያነሳ ባለዕዳ የታለ?

ያንቺ ድካም ግን ድካም ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለራስሽ ያዢው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አገርሽ ለመመለስ አስበሽ ነበር? ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ከሥሩ ይህ አለ፤ የታናሹ ውጤት የታላቋ መመለሻ ቀን ሆኖ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ የምትጨነቂው ስለ ሁለት ሰው ሕይወት ነው፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። የመመለስሽን ጉዳይ ከእሱ ነጥብ ለይተሽ፣ ስንት ብር ቢኖርሽ፣ ምን ሥራ ብትይዢ እንደሚሆን በራሱ አስቢበት። ለእናትሽም ንገሪያት።

ለወንድምሽ ደውይ አልልሽም፣ አያነሳም። በድምፅ ላኪለት፣ አጭር ይሁን፦ «ያን ቀን ያልኩህ ከጭንቀት ነው፣ ልክ አልነበርኩም። ውጤት እስኪወጣ ስንት ትጠብቃለህ ብዬ አልጠይቅህም። ምን በላህ ብዬ ግን እጠይቅሃለሁ።» ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ። መልስ ባይሰጥሽ በማግስቱ ደግመሽ አትጨቅጭቂው።

ሲለዝብ ውጤት ሳይወጣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩበት ጉዳይ አለ። 50 ከሞላለት ምን ያጠናል? ሪሚዲያል ቢደርሰው ይገባል ወይ? ሁለቱም ባይሆን በግል ተመዝግቦ እንደገና ይፈተናል ወይስ ቴክኒክና ሙያ ይገባል? ለአንድ ዓመት ተጨማሪ መክፈል ትችያለሽ? ካልቻልሽ «አልችልም» በይው፤ «እንጃ፣ እናያለን» ከምትይው እውነቱ ይቀለዋል። እንዲህ ያለው ንግግር ውጤት በወጣበት ምሽት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እናት እያለቀሰች አይደረግም።

እናትሽ ሌሊት ስልኩን ልንጠቅ ብትል አትስማሚ፤ ጠዋት ቀስቅሳ ከቤት የሚያስወጣው ሥራ ብትሰጠው ይሻላል። መብላት ካቆመ፣ ከማንም ጋር ካልተነጋገረ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ለማስፈራራት ነው ተብሎ አይታለፍ። ብቻውን አይተውት፣ ውጤት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ።

መቼም የፈተና መለያ ቁጥሩ አንቺ ዘንድ ሳይኖር አይቀርም፤ የሚከፍል ዘመድ ሁሉ ይይዘዋል። ከ2015 እስከ 2017 የተሰጡት ፈተናዎች ውጤት ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው የተለቀቀው፤ ከጅዳ ሆነሽም ማየት ትችያለሽ። እሱ ቀድሞ ይየው። እሱ እስኪነግርሽ ጠብቂ፣ ሁለት ቀንም ቢፈጅ።