«ቦሮው» ወይስ «ሌንድ»?

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬን በእንግሊዝኛ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» ብዬ ብጠይቀው ፈገግ አለ። ስህተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ቦሮው» የተቀባዩ ድርጊት ስለሆነ፣ ለሰጪው «ሌንድ» ማለት ይገባል፤ ስለዚህ «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ወይም «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ይበሉ። አማርኛ «ተዋሰ»ንና «አዋሰ»ን ከአንድ ሥር ስለሚያወጣ፣ የእንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት መያዝ ቢያደናግርዎ አያስደንቅም። በሌላ በኩል ግን የእኛው ቋንቋ ይበልጥ ጠንቃቃ ይመስለኛል፦ ከጎረቤት ምጣድ ወስደን ያንኑ ምጣድ ስንመልስ «ተዋስን»፣ አንድ ጣሳ ጤፍ ወስደን በምትኩ ሌላ ጤፍ ስንሰጥ ደግሞ «ተበደርን» እንላለን፤ «ቦሮው» ሁለቱንም ይሸፍናል። የ«ሌንድ» ኃላፊ ጊዜ «ሌንት» ነው።