«አይገናኙም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የዕድል ስሌትን ሳብራራ «እነዚህ ሁነቶች አይገናኙም» እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን ዕድሎቹን የሚያባዙበትንና ዜሮ የሚጽፉበትን ቦታ ያደበላልቁብኛል። «የሚጠበቅ ዋጋ» ስልም «የማይመጣ ነገር እንዴት ይጠበቃል?» ይሉኛል። አነጋገሬ ስሕተት አለበት?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ «አይገናኙም» የሚለው ግስ ሁለት ፍቺ ያለው መሆኑ ነው። «ወንድማማቾቹ አንድ ከተማ እየኖሩ አይገናኙም» ስንል አንድ ቦታ አይገጣጠሙም ማለታችን ነው፤ «ይህ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይገናኝም» ስንል ግን አንዱ ሌላውን አይነካውም ማለታችን ነው። በዕድል ስሌት እነዚህ ፍቺዎች ከመለያየትም አልፈው ይጋጫሉ።

አንድ ሳንቲም አንድ ጊዜ ሲወረወር የአንበሳው ገጽና ሌላው ገጽ አብረው አይወጡም፤ በአንድነት የመውጣት ዕድላቸው ዜሮ ነው። አንበሳው መውጣቱን ካወቅን የሌላው ገጽ ዕድል ከ1/2 ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ እነዚህን ሁነቶች ነጻ (ማለትም አንዱ የሌላውን ዕድል የማይለውጥ) ማለት ፈጽሞ አይቻልም፤ እንዲያውም እጅግ የተሳሰሩ ናቸው። በአንጻሩ ፒያሳ ላይ የተወረወረ ሳንቲም አንበሳ ማሳየቱና በዚያው ሰዓት አዘዞ ላይ መዝነቡ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ማወቅ ግን የሌላውን ዕድል አይለውጠውም። የዝናቡ ዕድል 3/5 ነው ብንል፣ ሁለቱ በአንድነት የመሆን ዕድላቸው 1/2 በ3/5 ተባዝቶ 3/10 ይሆናል። ፒያሳም አዘዞም ላይ የመዝነብን ዕድል ግን እንዲሁ በማባዛት ማግኘት አይቻልም፤ ሁለቱን ሰፈሮች የሚያዳርሰው ደመና ብዙ ጊዜ አንድ ነውና።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «አብረው አይሆኑም»፣ ለሁለተኛው «አንዱ የሌላውን ዕድል አይለውጥም» ቢሉ እመርጣለሁ። የኋለኛው ረዘም ቢልም ብያኔውን በውስጡ ይዟል፤ «ነጻ» የሚለው ስያሜ ተማሪው ይህን ከተረዳ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

«መጠበቅ» በአማርኛ ይመጣል ብሎ ተስፋ ማድረግን ስለሚያመለክት፣ የተማሪዎችዎ ጥያቄ ተገቢ ነው። አንበሳ ሲወጣ 10 ብር፣ ሌላው ሲወጣ ምንም የማያስገኝ ጨዋታ የሚጠበቅ ዋጋው 5 ብር ነው፤ በየትኛውም ውርወራ ግን 5 ብር አይገኝም። «የብዙ ውርወራ አማካይ» ቢሏቸው ይገባቸዋል። በዚያው ሳንቲም ሌላው ገጽ ሲወጣ ለተጫዋቹ ጓደኛ 10 ብር ቢከፈል፣ የሁለቱ ገቢ ድምር አማካይ 5 ሲደመር 5፣ 10 ብር ነው፤ ዕድሎችን ከማባዛት በተለየ፣ አማካዮችን ለመደመር ሁነቶቹ ነጻ መሆን አይጠበቅባቸውም።