ሁሉም ሰው እንዲወዳችሁ አትድከሙ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ሳይት ላይ ተቆጣጣሪ ሆናችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ስሌቱን ተምራችሁታል። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ "አይሆንም" ማለትን ግን ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምርም።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ የሚሞላበትን ቀን አስቡት። ሚክሰሩ ይጮኻል። የቀን ሠራተኛው ከንጋት ጀምሮ ደክሟል። ኮንክሪቱ ወፍራም ሆኖ በፌሮው መሀል አልገባ ይላል። በዕድሜ አባታችሁ የሚሆን ፎርማን ጠጋ ብሎ "ኢንጂነር፣ ትንሽ ውሃ ጠብ እናድርግበት" ይላችኋል። በትሕትና ስለሚጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል።

እሺ ካላችሁ ሥራው ይቀላል። "ጥሩ ልጅ ነው" ትባላላችሁ። ትርፉ ውሃ ግን ሲተን በኮንክሪቱ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ጥንካሬው ይወርዳል። ሲ-25 (ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል የሆነ ኮንክሪት) ብላችሁ ያስሞላችሁት፣ ለሙከራ የተወሰደው ኩብ በ28ኛው ቀን ሲሰበር ከ25 በታች ሊወጣ ይችላል። የላቦራቶሪው ማሽን ይሉኝታ አያውቅም። ያን ጊዜ ኮንክሪቱን ይዞት የነበረው ካሳፎርማ ተነስቷል፣ ግንቡ ላዩ ላይ ወጥቷል። በዚያ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ደግሞ ያን ቀን "ተው" ሊሏችሁ እዚያ አልነበሩም።

ሰው ማስቀየም ጀግንነት የሚመስላቸው ወጣቶችም አሉ። እሱም አያምርም። ፎርማኑን አክብሩት፤ እናንተ ገና የማታውቁትን ብዙ ያውቃል። "ጋሼ፣ ውሃ አንጨምርም። ለነገው ሙሌት ግን ድብልቁን እናስተካክል፣ ያለ ተጨማሪ ውሃ ኮንክሪቱን የሚያላላ አድሚክስቸርም እናስመጣ" በሉት። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ኮንትራክተሩ "ከባድ ልጅ" ይላችኋል፣ ጓደኛችሁም "አታካብድ" ይላል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ትችሉታላችሁ።

ሴት መሐንዲሶች ላይ ጫናው እጥፍ ነው። ወንዱ ሲከለክል "ጥብቅ ነው" የሚለው አፍ፣ እሷ ስትከለክል "ፈሪ ናት" ይላል። እህቶቼ፣ ይህን ሚዛን ለማስደሰት ብላችሁ መለኪያችሁን አታላሉ።

ወቀሳው ሊያሳስባችሁ የሚገባ ሰው አለ። ስሌታችሁን ቁጭ ብሎ አይቶ "እዚህ ጋ ተሳስታችኋል" የሚላችሁ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ሰው ፈልጉና የሚሏችሁን ስሙ።

ሙሌት ባስቆማችሁ ቀን ደግሞ ሰዓቱን፣ የለካችሁትን ስላምፕ (የኮንክሪቱን መቅጠንና መወፈር የሚያሳየውን ልኬት) እና ምክንያታችሁን በሳይት መዝገቡ ላይ በዚያው ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ የኮንትራክተሩንም ተወካይ አስፈርሙ።